የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችን የጥገና ደንብ ለማሻሻል የሚረዳ መመሪያ

በብዙ ከተሞች የጥገና ደንብ ውስጥ «ማንኛውም የመኖሪያ ሕንፃ በመልካም ሁኔታ ተጠብቆ መያዝ አለበት» የሚል ወይም ይህን የመሰለ አንቀጽ አይጠፋም። አንቀጹን አንብቦ የሚቃወም ሰው የለም፤ ጉድለቱ የሚታየው ተቆጣጣሪው አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ከኮርኒሱ የሚንጠባጠበውን ውሃ እያየ፣ ባለንብረቱ «መልካም ሁኔታ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ነው። ደንቡ መልስ ከሌለው ተቆጣጣሪው የራሱን አስተያየት ይጽፋል፣ ባለንብረቱ ይግባኝ ይላል፣ ጉዳዩ የሁለት ሰዎች የአስተያየት ልዩነት ሆኖ ይዘጋል፤ ውሃው ግን መንጠባጠቡን አያቆምም።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ነባሩን ደንብ እንዲያሻሽሉ ኃላፊነት ለተሰጣቸው የማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎችና ረቂቁን ለሚመረምሩ የምክር ቤት አባላት ነው። እያንዳንዱ ድንጋጌ የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ይሆናል፦ ማን፣ የትኛውን የሕንፃ ክፍል፣ በምን ልክ፣ እስከ መቼ ድረስ መጠገን እንዳለበት፣ በሩ ላይ የቆመ ተቆጣጣሪ በዓይኑ ወይም በቀላል መሣሪያ ሊያረጋግጠው በሚችል አኳኋን ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም?

አስቀድሞ አንድ ልዩነት ግልጽ መሆን አለበት። የግንባታ ሕግ የሚናገረው ሕንፃው ስለሚሠራበት ወይም ስለሚለወጥበት ጊዜ ሲሆን፣ የጥገና ደንብ የሚናገረው ሰው ገብቶ ከሚኖርበት ቀን ጀምሮ እስኪፈርስ ድረስ ስላለው ዘመን ነው። ሁለቱ ሲደበላለቁ ከ50 ዓመት በፊት በዘመኑ ሕግ መሠረት የተሠራ ደረጃ ዛሬ ለአዲስ ሕንፃ የሚጠየቀውን ስፋት አላሟላም ተብሎ ይከሰሳል፤ በዚያው ሕንፃ ውስጥ የተነቀለው የእጅ መደገፊያ ግን ሳይታይ ያልፋል። የጥገና ደንብ የነበረው እንደነበረ እንዲጠበቅ ያስገድዳል፤ ከዚያ አልፎ አሮጌ ሕንፃ አዲስ ነገር እንዲጨምር የሚጠይቀው ሕይወትን በቀጥታ በሚመለከቱ ጥቂት ጉዳዮች ብቻ ነው፤ እነዚህም ተለይተው መጻፍ አለባቸው።

ከማርቀቅ በፊት መዝገቡን ማንበብ

የደንብ ማሻሻያ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው የሌላ ከተማን ደንብ ከፍቶ በመገልበጥ ነው። የተሻለው መነሻ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ያከማቸው መዝገብ ነው። ቢያንስ የሁለት ዓመት አቤቱታዎች ይሰብሰቡ፤ በአድራሻ፣ በችግሩ ዓይነት፣ አቤቱታው በቀረበበትና በተዘጋበት ቀን ይደርደሩ። ከዚህ በኋላ መፈለግ ያለበት የአቤቱታው ብዛት ብቻ አይደለም። ተዘግቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ለዚያው ቤት፣ ለዚያው ችግር እንደገና የተከፈተ አቤቱታ ስለ ደንቡ ጉድለት ከማንኛውም ስብሰባ የበለጠ ይናገራል። ለምሳሌ ሻጋታ በተደጋጋሚ የሚመለስ ከሆነ፣ ደንቡ ግድግዳው እንዲቀባ እንጂ እርጥበቱን ያመጣው ቧንቧ ወይም ጣሪያ እንዲጠገን አላስገደደም ማለት ነው።

ከአቤቱታው ጎን የእሳትና ድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤት ሪፖርቶች፣ የጤና ክፍሉ መረጃ፣ በተለይም ማዘጋጃ ቤቱ በይግባኝ የተሸነፈባቸው ጉዳዮች ይታዩ። የተሸነፈ ጉዳይ የሚያሳፍር ስለሚመስል ተዳፍኖ ይቀራል፤ ይሁን እንጂ የትኛው ቃል አሻሚ እንደሆነ፣ የትኛው ማስታወቂያ በትክክል እንዳልደረሰ፣ የትኛው ቀን እንዳልተቆጠረ በነፃ የሚያስተምረው እርሱ ነው።

ቀጥሎ ነባሩ ደንብ አንቀጽ በአንቀጽ ይመርመር። ለእያንዳንዱ አንቀጽ ባለፉት አምስት ዓመታት ተጠቅሶ ያውቃል ወይ፣ ከተጠቀሰስ ጥገናው ተፈጽሟል ወይ የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ይቅረቡ። ፈጽሞ ተጠቅሶ የማያውቅ አንቀጽ ወይ አያስፈልግም፣ ወይ ተቆጣጣሪው ሊጠቀምበት በማይችል መልኩ ተጽፏል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት ተቆጣጣሪዎቹ ናቸው፤ ስለዚህ አርቃቂው ጠረጴዛው ላይ ከመቀመጡ በፊት ጥቂት ቀናት አብሯቸው ደረጃ ቢወጣና ቢወርድ ይመከራል። በምድር ቤት ያለውን የቆጣሪ ክፍል፣ የቆሻሻ መጣያ ቦታውን፣ ጣሪያ ላይ ያለውን የውሃ ታንከር ሳያይ የተጻፈ ረቂቅ ከሩቅ ይታወቃል።

በዚህ ደረጃ የሕግ ክፍሉ ነባሩን ደንብ ከበላይ ሕጎች ጋር ያስተያየው፤ ከኪራይ ሕጉ፣ ከእሳት መከላከያ ሕጉ፣ ከጤና አጠባበቅ ሕጉና በአንድ ሕንፃ ውስጥ የተለያዩ ቤቶች የተለያዩ ባለቤቶች ሲኖሯቸው ከሚገዛው ሕግ ጋር። ማዘጋጃ ቤት ሥልጣን ባልተሰጠው ጉዳይ ላይ የሚያወጣው ድንጋጌ ምንም ያህል በጎ ቢሆን አይጸናም።

የማን ኃላፊነት ነው? ወሰንና ትርጓሜ

ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ እዚህ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። በአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት ውስጥ ባለቤቱ አንድ ስለሆነ ጥያቄው ቀላል ነው። ብዙ ቤቶች ባሉት ሕንፃ ግን በአምስተኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት የፈነዳ ቧንቧ የአራተኛውን ፎቅ ኮርኒስ ሲያበሰብስ፣ ቧንቧው የግል ነው ወይስ የጋራ? ጣሪያው የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ ነው ወይስ የሁሉም? ደንቡ ይህን ካልመለሰ ጥገናው በባለቤቶች ጭቅጭቅ መካከል ተሰቅሎ ይቀራል።

ስለዚህ የትርጓሜው ክፍል ቢያንስ ሦስት ነገሮችን አጥርቶ ያስቀምጥ። አንደኛ፣ ደንቡ የሚመለከተው ስንት ቤት ካለው ሕንፃ ጀምሮ ነው? ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ የሚወሰነው ማዘጋጃ ቤቱ ለመቆጣጠር ባለው አቅም ነው። ሥር ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ የሆነ ሕንፃም ስሙ ተጠቅሶ ይካተት፤ ካልተጠቀሰ «የእኔ ሕንፃ የንግድ ነው» የሚል መከራከሪያ መምጣቱ አይቀርም። ሁለተኛ፣ የጋራ ክፍል ማለት ምን እንደሆነ በዝርዝር ይጻፍ፦ መሠረት፣ ምሰሶ፣ ወለልና ጣሪያ፣ የውጭ ግድግዳ፣ ደረጃና መተላለፊያ፣ ሊፍት፣ ከአንድ በላይ ቤት የሚያገለግል ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር፣ የውሃ ታንከር፣ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ቅጥር ግቢና የመኪና ማቆሚያ። ለቧንቧና ለመስመር መለያው «ከአንድ በላይ ቤት ያገለግላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቢሆን በግድግዳ ውስጥ ይሁን ከግድግዳ ውጭ የሚለው ክርክር ይቀራል።

ሦስተኛው ኃላፊው ሰው ነው። ባለቤት፣ የነዋሪዎች ማኅበር፣ አስተዳዳሪ፣ ወኪል፣ ሁሉም «ኃላፊ» በሚለው ትርጓሜ ውስጥ ይግቡ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያውን ለአንዳቸው ሲሰጥ ለሁሉም እንደተሰጠ ይቆጠር። ባለንብረቱ ከከተማው ውጭ የሚኖር ከሆነ በከተማው ውስጥ ማስታወቂያ የሚቀበልና አስቸኳይ ጥገና የማዘዝ ሥልጣን ያለው ወኪል እንዲያስመዘግብ ግዴታ ይጣልበት። ይህ ምዝገባ በየዓመቱ ካልታደሰ ዋጋ የለውም፤ ስልኩ የማይሠራ ወኪል ከሌለ ወኪል አይሻልምና።

የማኅበር ሕንፃዎች የተለየ ችግር አላቸው፤ ጥገናውን የሚወስኑት ወጪውን የሚከፍሉት ሰዎች ራሳቸው በመሆናቸው ሥራው ከዓመት ወደ ዓመት ይገፋል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ሰርፍሳይድ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2021 የአንድ አፓርታማ ሕንፃ ከፊሉ በሌሊት ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞተዋል። ሕንፃው 40 ዓመት ገደማ የሆነው ሲሆን፣ አደጋው ከመድረሱ ሦስት ዓመት አስቀድሞ አንድ መሐንዲስ ከመዋኛ ገንዳው አካባቢ ወለል በታች ያለው ኮንክሪት ከፍተኛ ጉዳት እንደደረሰበትና የውሃ መከላከያው እንደከሸፈ በጽሑፍ አሳውቆ ነበር። ግዛቱ በቀጣዩ ዓመት ያወጣው ሕግ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ የማኅበር ሕንፃዎች 30 ዓመት ሲሞላቸው፣ ከዚያም በየ10 ዓመቱ የመዋቅር ምርመራ እንዲደረግላቸው አዘዘ፤ ማኅበራቱም ለጣሪያ፣ ለመዋቅርና ለመሳሰሉት ዋና ዋና ክፍሎች የመጠባበቂያ ገንዘብ በጥናት ወስነው እንዲያስቀምጡ አስገደደ። ማዘጋጃ ቤት ከዚህ የሚወስደው ነገር ቢኖር የመሐንዲስ ሪፖርት ለማኅበሩ ብቻ ተሰጥቶ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ማድረግ ነው። መርማሪው አደገኛ ሁኔታ ሲያይ ለማዘጋጃ ቤቱ በቀጥታ እንዲያሳውቅ፣ ሪፖርቱም ለሁሉም ባለቤቶችና ተከራዮች እንዲደርስ በደንቡ ይጻፍ።

በሚለካ ቋንቋ መጻፍ

«በቂ»፣ «ተገቢ»፣ «ምቹ»፣ «አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ» የሚሉት ቃላት በረቂቁ ውስጥ በተገኙ ቁጥር ይሰመርባቸው፤ እያንዳንዳቸውም በቁጥር፣ በሚታይ ሁኔታ ወይም በቀላል ሙከራ ይተኩ። «ቤቱ በቂ ሙቀት ይኑረው» ከማለት ይልቅ የኒው ዮርክ ከተማ እንደሚያደርገው መጻፍ ይቻላል፦ በዚያ ከተማ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 እስከ ግንቦት 31 ባለው ወቅት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የውጭው አየር ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲሆን የቤቱ ውስጥ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ማነስ የለበትም። ይህን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ቴርሞሜትርና ሰዓት ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤትና ጤና መመሪያ ቀዝቃዛ ወቅት ላላቸው አገሮች 18 ዲግሪን እንደ ዝቅተኛ ልክ ያስቀምጣል። ብርድ በማያስቸግርበት አካባቢ ይኸው አሠራር ለሙቀትና ለአየር መናፈሻ ይውላል፤ የሚከፈት መስኮት መኖሩ ብቻ ሳይሆን መስኮቱ በእጅ ተከፍቶ ሳይደገፍ መቆም መቻሉ ይጻፍ።

ሁሉንም ነገር በቁጥር መግለጽ አይቻልም፤ አንዳንዴ ቀላል ሙከራ ከቁጥር ይሻላል። የቤት መግቢያ በር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2022 በኒው ዮርክ ብሮንክስ ባለ 19 ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ከአንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በተነሣ እሳት 17 ሰዎች ሞተዋል። እሳቱ ራሱ ብዙ ርቆ አልሄደም፤ የገደላቸው ጭሱ ነው፤ ጭሱን በሕንፃው ሁሉ የበተነው ደግሞ በራሳቸው መዘጋት የነበረባቸው በሮች ሳይዘጉ መቅረታቸው ነው። ስለዚህ «በሮች በአግባቡ ይሠሩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይሰረዝና በምትኩ «የእያንዳንዱ ቤት መግቢያ በርና የደረጃው በር በየትኛውም ስፋት ተከፍቶ ሲለቀቅ ማንም ሳይነካው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ መቆለፊያ ምላሱ መግባት አለበት» ይባል። ተቆጣጣሪው በሩን ከፍቶ ይለቀዋል፤ ካልተዘጋ ጥፋት ነው፤ ለክርክር የሚሆን ቦታ አይኖርም። ሙቀትን ለማስገባት ወይም ዕቃ ለማሳለፍ በሩን በጡብ ወይም በሽቦ ማስያዝም በዚያው አንቀጽ መከልከል አለበት፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው።

ሻጋታን በተመለከተ የስፋት መለኪያ ማውጣት ቢቻልም ዋናው ነጥብ ሌላ ነው። ደንቡ የእርጥበቱ ምንጭ በመጀመሪያ እንዲታወቅና እንዲጠገን፣ የበሰበሰው ልስን ወይም ኮርኒስ ከዚያ በኋላ እንዲለወጥ፣ ቀለም በመጨረሻ እንዲቀባ ቅደም ተከተሉን ይዘዝ። «ተከራዩ መስኮት ስለማይከፍት ነው» የሚለው ምላሽ በሁሉም ቦታ የሚሰማ ነው፤ አልፎ አልፎ እውነት ሊሆን ቢችልም፣ ደንቡ ኃላፊው የቧንቧ፣ የጣሪያና የግድግዳ ፍተሻ ሳያደርግ ይህን ምክንያት ማቅረብ እንደማይችል መግለጽ አለበት።

በዚህ ክፍል እርስ በርስ የሚጋጩ መስፈርቶችን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የጋራ የሙቅ ውሃ ታንከር ባለበት ሕንፃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የተባለው የሳንባ ምች የሚያስከትል ባክቴሪያ ለብ ባለ ውሃ፣ በተለይም ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ስለሚራባ ውሃው በ60 ዲግሪ እንዲከማች ይመከራል፤ ነገር ግን 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ከቧንቧ ሲወርድ የሕፃንን ቆዳ በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል። አንዱን ብቻ ያየ አርቃቂ ሌላውን አደጋ በሕግ ያዝዛል። መፍትሔው ሁለቱን ልኮች ለያይቶ ማስቀመጥ ነው፤ ለታንከሩ አንድ ዝቅተኛ ልክ፣ ለቧንቧው አፍ አንድ ከፍተኛ ልክ፣ በመካከላቸውም ቀዝቃዛውን ከሙቁ የሚቀላቅል መቆጣጠሪያ።

የቀረውን በአጭሩ ላልፍ እችላለሁ፤ የእጅ መደገፊያ ሲገፋ የማይነቃነቅ፣ የደረጃ መብራት ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ፣ የመውጫ መንገድ ከዕቃ ነፃ የሆነና ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት፣ የውሃ ታንከር ክዳኑ የሚገጥምና በተወሰነ ጊዜ ታጥቦ ቀኑ የተመዘገበ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን ሽፋን ያለውና የተራቆተ ሽቦ የማይታይበት፣ የጭስ መጠቆሚያ ሲሞከር የሚጮህ መሆን አለበት። የተባይ ቁጥጥር በአንድ ቤት ብቻ ከተደረገ ተባዩ ወደ ጎረቤት ስለሚሸሽ፣ ሥራው የግራ፣ የቀኝ፣ የላይና የታች ቤቶችን ያካትት። በአሮጌ ሕንፃዎች የተላጠ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን መፋቅ ይከልከል፤ አቧራው ለሕፃናት መርዝ ነው። ጥገናው ራሱም አደጋ እንዳይሆን፣ ሰው እየኖረበት በሚጠገን ሕንፃ ላይ መወጣጫ እንጨትና መሸፈኛ መውጫዎችን እንዳይዘጋና በቀላሉ እንዳይቀጣጠል ቢደነገግ መልካም ነው።

የጊዜ ገደብ

መስፈርት ያለ ቀን ምኞት ነው። ተግባራዊ ሆኖ የተገኘው አሠራር ጥፋቶችን በአደገኝነታቸው ሦስት ደረጃ ሰጥቶ ለእያንዳንዱ ደረጃ ጊዜ መመደብ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ የቤቶች ጥገና ሕግ አደገኛ ላልሆኑት 90 ቀን፣ አደገኛ ለሆኑት 30 ቀን፣ ወዲያውኑ ለሕይወት አስጊ ለሆኑት አብዛኞቹ ደግሞ 24 ሰዓት ይሰጣል። በእንግሊዝ በሮችዴል ከተማ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን በማኅበራዊ ኪራይ ቤት (በዝቅተኛ ኪራይ በሚሰጥ ቤት) ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ በመጋለጡ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከሞተ በኋላ የወጣው ሕግ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ የማኅበራዊ ቤት አከራዮች አስቸኳይ አደጋን በ24 ሰዓት እንዲያስወግዱ፣ ከባድ የእርጥበትና የሻጋታ ጉዳትን ደግሞ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመረምሩ ያስገድዳል።

ቁጥሩን ከመገልበጥ የሚበልጠው ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መቼ ነው የሚለው ነው። ማስታወቂያው ከተጻፈበት፣ ከተላከበት ወይስ ከደረሰበት ቀን? ደንቡ አንዱን ይምረጥና በር ላይ መለጠፍ፣ በስልክ መልእክት መላክና ለተመዘገበው ወኪል መስጠት በሙሉ እንደ መድረስ ይቆጠሩ እንደሆነ ይግለጽ። ማራዘሚያም ይፈቀድ፤ ይሁን እንጂ የሚፈቀደው ጊዜው ከማለቁ በፊት ተጠይቆ፣ የተጀመረ ሥራ ወይም የታዘዘ ዕቃ በማስረጃ ሲታይና እስከዚያው ነዋሪውን የሚጠብቅ ጊዜያዊ እርምጃ ሲወሰድ ብቻ መሆን አለበት። ሊፍቱ መለዋወጫ እየጠበቀ ከሆነ በላይኛው ፎቅ ለሚኖር በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው ምን እንደሚደረግ ያልተናገረ ማራዘሚያ ለባለንብረቱ እንጂ ለነዋሪው የተሰጠ አይደለም።

ቁጥጥሩ እንዴት ይደረግ?

በአቤቱታ ላይ ብቻ የቆመ ቁጥጥር የሚደርሰው ለመናገር ለማይፈራው ሰው ነው። ኪራዩ እንዳይጨመርበት ወይም እንዳይባረር የሚሠጋ ተከራይ ዝም ይላል፤ በጣም የከፋው ቤትም ብዙ ጊዜ ይኸው ዝም ያለው ነው። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1998 በዘረጋችው አሠራር የኪራይ ሕንፃዎች አቤቱታ ሳይጠበቅ በየአራት ዓመቱ ገደማ እንዲታዩ ተደርጓል። ሆንግ ኮንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ 30 ዓመት የሞላው ሕንፃ ማስታወቂያ ሲደርሰው በየ10 ዓመቱ፣ 10 ዓመት የሞላው ሕንፃ መስኮቶች ደግሞ በየአምስት ዓመቱ እንዲመረመሩ ግዴታ አድርጋለች። በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1979 አንዲት ተማሪ ከሕንፃ ግድግዳ በወደቀ ቁራጭ ከሞተች በኋላ በ1980 የወጣው ሕግ፣ ኋላም እየተጠናከረ፣ ከስድስት ፎቅ በላይ የሆኑ ሕንፃዎች የውጭ ግድግዳ በየአምስት ዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር ያዛል።

ዙሩ ስንት ዓመት ይሁን ለሚለው መልሱ ያለው በሒሳብ ውስጥ ነው፤ ይህን ሒሳብ ከምክር ቤቱ በፊት አርቃቂው ይሥራው። ለምሳሌ ከተማው 12,000 የኪራይ ቤቶች ቢኖሩትና አንድ ተቆጣጣሪ በቀን 8 ቤት በዓመት ደግሞ 200 ቀን ቢሠራ፣ በዓመት 1,600 ቤት ይሸፍናል። በአራት ዓመት ዙር ለመጨረስ በዓመት 3,000 ቤት መታየት ስላለበት ቢያንስ ሁለት ሰው ለዚህ ብቻ መመደብ አለበት፤ ድጋሚ ጉብኝትና የአቤቱታ ሥራ ከዚህ ውጭ ነው። ሰው ካልተገኘ ዙሩን ማስረዘም፣ በትልልቅ ሕንፃዎች የጋራ ክፍሉን በሙሉ፣ ቤቶቹን ግን በናሙና ማየት፣ ንጹሕ መዝገብ ያለውን ሕንፃ ዘግየት አድርጎ ጥፋት የሚደጋግመውን ቶሎ ቶሎ መጎብኘት ይቻላል። ናሙናውን የሚመርጠው ተቆጣጣሪው ይሁን፤ ምርጫው ለባለንብረቱ ከተተወ ተቆጣጣሪው የሚያየው አዲስ የተቀባውን ቤት ብቻ ነው።

የሰው መኖሪያ መግባት የነዋሪውን መብት ይነካል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1967 ካማራ በሚባለው ጉዳይ ነዋሪው እምቢ ካለ የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ ለተራ ቁጥጥርም ቢሆን የፍርድ ቤት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ወስኗል። የየአገሩ ሕግ ቢለያይም ደንቡ ቅድሚያ ማስታወቂያ ከስንት ቀን በፊት እንደሚሰጥ፣ በስንት ሰዓት መግባት እንደሚቻል፣ ነዋሪው ሲከለክል ምን ሥርዓት እንደሚከተል፣ ድንገተኛ አደጋ ሲሆን ምን እንደሚለይ መናገር ይኖርበታል። ተቆጣጣሪው ለጥገና ጉዳይ ገብቶ ያየውን የነዋሪውን የግል ሁኔታ ለሌላ መሥሪያ ቤት እንዳያስተላልፍ ከተከለከለ ብዙ በሮች ይከፈታሉ።

ቅጣት፣ ይግባኝና የተከራይ ጥበቃ

የጥገናው ወጪ ከቅጣቱ የሚበልጥ ከሆነ ቅጣቱ የፈቃድ ክፍያ ይሆናል። ስለዚህ ቅጣቱ ጥፋቱ በቀጠለበት ቀን ሁሉ የሚቆጠር፣ ሲደጋገም የሚያድግ፣ በጊዜ የጠገነ ግን የሚቀነስለት ወይም የሚነሣለት ይሁን። ዓላማው ገንዘብ መሰብሰብ እንዳልሆነ ባለንብረቱ ከአወቃቀሩ ማወቅ አለበት። ለሕይወት አስጊ በሆኑ ጉዳዮች ባለንብረቱ በተሰጠው ጊዜ ካልጠገነ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ጠግኖ ወጪውን በንብረቱ ላይ ዕዳ አድርጎ እንዲያስመዘግብ የሚፈቅድ ድንጋጌና ለዚህ የሚሆን ተዘዋዋሪ በጀት ያስፈልጋል፤ በጀት የሌለው ሥልጣን በወረቀት ይቀራል።

ሕንፃን የማስለቀቅ ትእዛዝ የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ የሚቀጣውም ብዙ ጊዜ ጥፋተኛውን ሳይሆን ቤት የሚያጣውን ሰው ነው። ትእዛዙ ሲሰጥ ነዋሪው የት እንደሚያድር፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ጥገናው ሲያልቅ በነበረበት ኪራይ የመመለስ መብት እንዳለው አብሮ ይደንገግ። አለዚያ ባለንብረት ተከራይ ለማስወጣት ሲል ሕንፃውን ሆን ብሎ ሊያስበላሽ ይችላል። አቤቱታ ካቀረበ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ ለምሳሌ በስድስት ወር፣ ኪራይ የተጨመረበት ወይም እንዲለቅ የተጠየቀ ተከራይ የበቀል እርምጃ እንደተወሰደበት ይገመት፤ ሌላ ምክንያት ካለ የማስረዳት ሸክሙ በአከራዩ ላይ ይሁን። ተከራዩም የራሱ ግዴታ እንዳለው፣ ለጠጋኙ በር እንደሚከፍትና እርሱ ለሰበረው እንደሚጠየቅ መጻፉ ደንቡን ሚዛናዊ ያደርገዋል፤ ባለንብረቶችም በውይይቱ ላይ መጀመሪያ የሚያነሡት ይህን ነው።

ይግባኙን የሚሰማው አካል ከቁጥጥር ክፍሉ የተለየ ይሁን። ይግባኝ መቅረቡ ቅጣቱን ሊያግድ ይችላል፤ የ24 ሰዓቱን ጥገና ግን ማገድ የለበትም።

ከሌላ የተወሰደ ደንብ፣ ሽግግርና ማጽደቅ

ሁሉን ከባዶ መጻፍ ግዴታ አይደለም። የሞዴል ሕጎችን በሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ የሕጎች ምክር ቤት በየሦስት ዓመቱ እየታደሰ የሚወጣው ዓለም አቀፍ የንብረት ጥገና ሕግ በተለይ በአሜሪካ ብዙ ከተሞች በማሻሻያ ይጠቀሙበታል። እንዲህ ዓይነት ሞዴል ሲወሰድ የትኛው ዓመት እትም እንደጸደቀ በግልጽ ይጻፍ፤ «በየጊዜው የሚወጣው አዲስ እትም» ከተባለ ምክር ቤቱ ያላነበበውን ሕግ አስቀድሞ አጽድቋል ማለት ነው። በሞዴሉ ውስጥ በየከተማው እንዲሞሉ የተተዉ ባዶ ቦታዎች ሳይሞሉ የጸደቁ እንደሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ጠበቃ ያገኛቸዋል።

አዲሱን ደንብ በአንድ ቀን በሁሉም ላይ ማዋል ሁለት ቤት ብቻ የሚያከራየውን ጡረተኛና መቶ ቤት ያለውን ድርጅት አንድ ላይ ያስጨንቃል። ለሕይወት አስጊ የሆኑት ድንጋጌዎች ወዲያውኑ፣ ምዝገባው በስድስት ወር፣ ትልቅ ወጪ የሚጠይቁት የመዋቅር ምርመራዎች ደግሞ ከአሮጌዎቹ ሕንፃዎች ተጀምሮ በየዓመቱ ተራ በተራ ቢፈጸሙ ይሻላል። በቀድሞው ደንብ የተጀመሩ ጉዳዮች በቀድሞው እንደሚያልቁ የሚናገር የመሸጋገሪያ አንቀጽም አይረሳ።

የሕዝብ ውይይቱ በሥራ ሰዓት በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ብቻ ከተደረገ የሚመጡት ባለንብረቶችና ጠበቆቻቸው ናቸው። ቢያንስ አንዱ መድረክ በምሽት ወይም በዕረፍት ቀን፣ ብዙ ተከራይ በሚኖርበት ሰፈር ይካሄድ፤ ረቂቁም ነዋሪው በሚናገረው ቋንቋ በሁለት ገጽ ተጨምቆ ይታደል። ከውይይቱ የሚመጣ እያንዳንዱ አስተያየት ተቀባይነት አግኝቷል ወይም አላገኘም ተብሎ ከምክንያቱ ጋር በጽሑፍ ቢመለስ ሁለተኛው መድረክ ባዶ አይሆንም።

ደንቡ ከጸደቀበት ቀን እስከሚጸናበት ቀን ያለው ጊዜ ለቅጾች ይዋል። የቁጥጥር ቅጹ፣ የማስታወቂያ ደብዳቤው፣ የኮምፒዩተር ሥርዓቱና የቅጣት ደረሰኙ የሚጠቅሱት የአንቀጽ ቁጥር በሙሉ ወደ አዲሱ መለወጥ አለበት። በተሻረ አንቀጽ የተጻፈ አንድ ማስታወቂያ ጥፋቱ ምንም ያህል ግልጽ ቢሆን ጉዳዩን በይግባኝ ሊያስጥል ስለሚችል፣ ተቆጣጣሪዎች አሮጌውን የቅጽ ጥራዝ በመጨረሻው ቀን ማታ እንዲመልሱ ተደርጎ አዲሱ በማግስቱ ጠዋት ይሰጣቸው።